ለጎረምሳው ድንጉላ ባዝራ ማን ይምረጥለት?

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የምንል ሰዎች፣ ነገሩ የፈረስ ሲሆን ምክራችንን እንረሳዋለን። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እያልን በፈረሳቸው ስም አወደስን፤ ፈረሱን የወለደችውን ባዝራ የሚያነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 ቀን በዓሉ ሲከበር የተሸለሙት ፈረሶች ያኮራሉ። እርባታው ግን እዚያም ሆነ በሌላው ደጋ አገራችን በአመዛኙ ለግጦሽ መስኩ የተተወ ነው፤ ድንጉላው፣ ማለትም ያልተኮላሸው ወንድ ፈረስ፣ ያገኛትን ባዝራ ያጠቃል። ሸጋው ወንድ ውርንጭላ ገር እንዲሆን ሲባል ብዙ ጊዜ ዘር ሳይተካ ይኮላሻል። ጠንካራዋ ባዝራ ደግሞ ለአህያ ትሰጣለች፤ በቅሎ ጥሩ ዋጋ ታወጣለችና። በገበሬው አልፈርድም። ነገር ግን በቅሎ መካን ናት፤ ባዝራዋ ዕድሜዋን ሙሉ በቅሎ ስትወልድ ከኖረች ዘሯ በእሷ ያበቃል።

እንግዲህ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ተስፋ የተጣለበት ድንጉላ አለ እንበል። የትኞቹ ባዝራዎች ይቅረቡለት? እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከዚህ በፊት የወለዱትን፣ ረጋ ያሉትንና ልጆቻቸው በዓይን የሚታዩትን ነው። ልምድ የሌለው ድንጉላ ልምድ ከሌላት ባዝራ ጋር ሲገናኝ አንድ ርግጫ ዕድሜ ልኩን ሊያሰንፈው ይችላል። ደግሞም ባዝራዋ ከሌላ ድንጉላ የወለደችው ካለ፣ አዲሱን ውርንጭላ ከወንድሙ አጠገብ አቁሞ አባትየው ምን እንደጨመረ መመዘን ይቻላል። ለሙከራ ተብሎ ከሲታና አንካሳ ባዝራዎችን ብቻ መስጠት፣ በኋላም «ይህ ድንጉላ አይረባም» ማለት ግን ግፍ ነው።

የባዝራዋን ድርሻ የሚጠራጠር ካለ አንድ የቆየ ሙከራ ልጥቀስ። ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት ሥራ ሻየር የተባለውን ግዙፍ የፈረስ ዝርያና ሼትላንድ የተባለውን ድንክዬ ዝርያ በሁለቱም አቅጣጫ፣ አንዴ እናትን አንዴ አባትን ከሻየር እያደረጉ፣ አዳቅለው ነበር። ከሻየር እናት የተወለደው ውርንጭላ ግዙፍ፣ ከሼትላንድ እናት የተወለደው ትንሽ ሆነ። ከአባትና ከእናት የሚወርሱት ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ማህፀኗ ነበር። ስለዚህ «ትልልቅ ድንጉላዎች ከውጭ እናስመጣ» የሚለው ጩኸት ብዙም አይማርከኝም። ያችው ትንሽ፣ ግጦሽ ያነሳት ባዝራ እስካረገዘች ድረስ አባትየው ብቻውን ተአምር አይሠራም።

ጉድለትን በተመለከተ ሕጉ ቀላል ነው፤ ድንጉላው ጀርባው የሰረጎደ ከሆነ ጀርባዋ የሰረጎደውን አታቅርቡለት።

ቁጥሩም ይታሰብበት። ለጀማሪ በመጀመሪያው ወቅት ከ10 እስከ 15 ባዝራ ይበቃዋል። በአሜሪካ ቶሮብሬድ የተባሉት የእሽቅድምድም ፈረሶች መዝጋቢ የሆነው ጆኪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚወለድ ድንጉላ በዓመት ከ140 በላይ ባዝራ እንዳያጠቃ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ዘሩ ከመጠን በላይ እንዳይጠብ ነው። ትልልቅ የኬንታኪ አርቢዎች ከሰሱት፤ በ2022 ደንቡን ሰረዘ። እኛ ዘንድ 140 ባዝራ የሚያገኝ ድንጉላ የለም፤ የአንድ መስክ መንጋ ግን ጥቂት ስለሆነ ችግሩ ቶሎ ይደርሳል። እርግዝናው 11 ወር ገደማ ነው፤ ሴት ውርንጭላ በሁለት ዓመቷ ለመፀነስ ትደርሳለች። ድንጉላው አራት ዓመት እዚያው ከቆየ የገዛ ልጆቹን ማጥቃቱ አይቀርም። በሦስተኛው ዓመት ከሌላ ወረዳ ድንጉላ ጋር መለዋወጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ማን ከማን እንደተወለደ የሚጻፍበት ደብተር ነው።

ይህንን ከፈረሰኞች ማኅበራት የተሻለ የሚሠራው የለም። በበዓሉ ቀን ከጉግሱ በፊት ባዝራዎች ከነውርንጭሎቻቸው ቢቀርቡና ቢሸለሙስ? ሽልማቱ ደግሞ ዋንጫ ባይሆን ይሻላል። ባዝራዋን ለአንድ ወቅት ከአህያ አርቆ ለተመረጠው ድንጉላ የሰጠ ገበሬ ከበቅሎዋ የሚቀርበት ገንዘብ ቢካካስለት፣ ያኔ እሺ ይላል።