ማስተካከያ፦ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ላይ ተሳስቻለሁ

ባለፈው ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ ማለቴ ነው፣ ስጽፍ መድሃኒቱን ከጨረሳችሁ በሳምንቱ የደም ምርመራውን ድገሙት ኔጌቲቭ ካለ ድናችኋል ብዬ ነበር። ስህተት ነው፣ በጣም ይቅርታ፣ ምክንያቱም ይሄን አምኖ እንደገና አንቲባዮቲክ የሚጀምር ሰው ሊኖር ይችላል።

የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን እሱን ለመከላከል የሰራውን አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት አንዳንዴም ለአመታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ ድናችሁም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ስንቱ ሰው ነው "መድሃኒቱ አልሰራልኝም" ብሎ ሁለቴ ሶስቴ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የሚውጠው!

መዳናችሁን የሚያሳየው አንቲጅን፣ ማለትም የባክቴሪያውን የራሱን ቁራጭ፣ የሚፈልገው የሰገራ ምርመራ ነው፣ ወይ ደግሞ ከተገኘ የትንፋሹ። ጊዜውም ወሳኝ ነው፣ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት መሙላት አለበት፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞሉን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ በተለይ የጨጓራ ቁስለት ደምቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ሀኪማችሁን ጠይቁ እሺ።

የታዘዘውን ቀን፣ ብዙ ጊዜ 14 ነው፣ ትንሽ ሲሻል ሳታቋርጡ ጨርሱ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይ ደም ካስታወካችሁ ደግሞ የምን ቀጠሮ መጠበቅ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።