የመልእክት ክፍል ኃላፊ

በምኖርበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ አንድ ነጭ የባንዲራ ምሰሶ ቆሟል። ባንዲራ የሚሰቀልበት በበዓል ቀን ነው። በአዘቦት ቀን ወጥቶ፣ እሱም እስከ ምሰሶው ወገብ ብቻ ተሰቅሎ ካየሁ ከነዋሪዎቹ አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአውቶቡስ ፈረቃዬን ልጀምር ስወጣ ባንዲራው ከወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናብ አርሶት ስለነበር አይውለበለብም። የሞተው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ የሚያለቅስም አልተሰማም። ቆሜ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሦስተኛው ፎቅ የግራ መስኮት መጋረጃ አልተገለጠም።

ያለሁት በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በሚባለው አገር፣ ሰው ሁሉ በመልክ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከሦስተኛው ፎቅ ሽማግሌ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ «ሄይ» ተባብለናል፤ እሳቸው ሄይ፣ እኔ ሄይ። ስማቸውን የማውቀው በራቸው ላይ ስለተለጠፈ ነው። እኔ አንድም ቀን አንኳኩቼባቸው አላውቅም። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ አንኳኩተውብኛል።

ያ ጊዜ የአጎቴን መርዶ የሰማሁበት ቀን ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስምንት የአገሬ ሰዎች ጥቁር ካፖርት ለብሰው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ከጎተንበርግ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ ናቸው። በዚያ ሰዓት በዚያ ብዛት የመጣ እንግዳ ወሬውን በአፉ መናገር አያስፈልገውም። አጎቴ ካረፉ 19 ቀን ሆኗቸው ነበር። ቤተሰቡ «ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ» ብሎ ደብቆኝ፣ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያዘወትሩ አውቃለሁና። ጩኸታችን ሕንፃውን ቀሰቀሰው። በለቅሶዬ መሃል ፖሊስ ይጠራብናል ብዬ መፍራቴ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚያው ዕለት ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናንቆ፣ በራፉ ላይ ጫማ ተከምሮ ሳለ ሽማግሌው መጡ። ክምሩን አይተው የራሳቸውንም ጫማ አወለቁ፤ ነገር ግን አልገቡም። ደፉ ላይ በካልሲ ቆመው እጄን ጨበጡኝና ስዊድኖች ለሐዘን ጊዜ ያላቸውን ሁለት ቃል ተናገሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሠላሳ ጥንድ መካከል የራሳቸውን ጫማ ፈልገው አደረጉና ወደ ላይ ወጡ። የዚያን ዕለት ከመጡት ሁሉ ያልተቀመጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የሞታቸው ማስታወቂያ በአካባቢው ጋዜጣ የወጣው ባንዲራው ዝቅ ካለ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ስፋቱ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጥም፤ ክፍያው እንደ ስፋቱ ነውና። ከላይ ትንሽ ሥዕል አለች። ዱሮ የሚበዛው መስቀል ነበር አሉ፤ ዛሬ ወፍም፣ አበባም፣ የእግር ኳስ ክለብ ዓርማም ይደረጋል። የእሳቸው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነበረች። ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ የሞቱበት ቀን፣ የልጆች ስም፣ ሁለት መስመር ግጥም። ከታች «በአበባ ምትክ ለካንሰር ምርምር ብትለግሱ» ይላል፤ ከቀብሩ በኋላ ቡና የሚጠጣ ሰው እስከዚህ ቀን ድረስ ደውሎ ይመዝገብ ይላል።

ከማስታወቂያው ይልቅ ያስደነገጠኝ ከቀናት በኋላ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው የጻፉት አጭር መታሰቢያ ነው። ጎረቤቴ ለካ ብርጭቆ ነፊ ኖረዋል! ይህ አካባቢ ከኮስታ ጀምሮ የብርጭቆ አገር ነው፤ የኮስታ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1742 ነው። በየጫካው የነበሩት ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ባለፉት አሥርት ዓመታት ተዘግተዋል። ሽማግሌው በልጅነታቸው ገብተው የቀለጠ ብርጭቆ በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ እየጠቀለሉ፣ በትንፋሻቸው እየነፉ 41 ዓመት ሠርተዋል። ባልደረባቸው የጻፉት ስለ ደግነታቸው አይደለም። «የተበላሸ ብርጭቆ መጣል አይሆንለትም ነበር» ብለው ነው የጀመሩት። ሌሎቹ ጠማማውን ሰብረው መልሰው እቶን ውስጥ ሲጨምሩ፣ እሳቸው በምሳ ዕቃቸው ደብቀው ወደ ቤት ይወስዱት ነበር። በሕይወታቸው ቀጥ ባለ ብርጭቆ ጠጥተው አያውቁም ይላል ጽሑፉ። ይህንን አውቶቡሱ ውስጥ፣ መነሻ ሰዓቴን እየጠበቅሁ አንብቤ፣ ዘጠኝ ዓመት «ሄይ» ያልኩት ለማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀብሩ የሆነው በሞቱ በ25ኛው ቀን ነው። እስከ አንድ ወር ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። ሴት ልጃቸው ፈቃድ እስክታገኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነፃ ቀን እስኪኖረው ይጠበቃል፤ አስከሬኑም በማቀዝቀዣ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ቀብር የሚያህል ነገር ተመዝግቤ የምሄድበት መሆኑን ልቤ አልቀበል ብሎት ሳልደውል ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ 17 ሰው ቆጠርኩ። አንድ በአንድ እየተነሡ ሳጥኑ አጠገብ ደርሰው አንዲት አበባ እያኖሩ፣ ትንሽ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይመለሳሉ። አንዲት ሴት ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ፤ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ለቡናው 17 ወንበር፣ 17 ሲኒ፣ 17 ቁራጭ ኬክ ተዘጋጅቷል። ለእኔ ወንበር ከጓዳ መጣ፤ ኬኩን ልጃቸው ከራሷ ቆርጣ አካፈለችኝ። ስንለያይ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ጠማማ ብርጭቆ ሰጠችን። ወደ ቤቴ ስመለስ ባንዲራው ምሰሶው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀብሩ እንዳበቃ እስከ ላይ ይሰቅሉታል።

መቃብራቸውን ልጠይቅ ብል ግን መቃብር የላቸውም። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ሚነስሉንድ በሚሉት የመታሰቢያ ጫካ ውስጥ ተቀብሯል፤ ስም አይጻፍበትም፣ ቦታው ለዘመድ አይነገርም፣ ሲቀበርም ቤተሰብ አይገኝም። ልጃቸውን «ለምን?» አልኳት። «የራሱ ምርጫ ነው፤ መቃብር መንከባከብ እንዳይከብደን ብሎ» አለችኝ። መቃብር እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ለ25 ዓመት ነው፤ ከዚያ ያሳድሱታል ወይም ይለቁታል። ይህ ሕዝብ እኮ ሰውን በመዝገብ በማስቀመጥ የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ደብር የተወለደውን፣ የተጋባውንና የሞተውን እንዲጽፍ አዟል። ከ1749 ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩ ተጠቃሎ ለመንግሥት ይላክ ነበር። መዝገቡን ቤተ ክርስቲያን እስከ 1991 ይዛው ቆይታ ለግብር መሥሪያ ቤት አስረከበች። የዛሬ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት የሞተን የስሞላንድ ጭሰኛ ቀኑን ከነምክንያቱ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ያ ሁሉ ጽሕፈት ካለፈ በኋላ አንድ ሰው «ስሜን አትጻፉ» ብሎ ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አጎቴ የተቀበሩት በሞቱበት ዕለት ነው። ሌሊት አርፈው በዘጠኝ ሰዓት አፈር ለበሱ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለችው ከተማችን ያን ዕለት ሱቋን ዘግታ ወጥታለች። የቀብሩን ቪዲዮ የአጎቴ ልጅ በስልክ ልካልኝ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ መጨረሻው አይታይም። ከሣጥኑ ፊት አንድ ጎልማሳ በድምፅ ማጉያ የሕይወት ታሪካቸውን ያነባል። «በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የቄስ ትምህርት ተከታተሉ። በተለያዩ የሥራ መስኮች አገራቸውንና ወገናቸውን አገለገሉ። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው የማን ቀብር እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እኔው ራሴ አገር ቤት ሳለሁ ለሁለት ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ለሁለተኛው የጻፍኩት ከመጀመሪያው ላይ ስም ቀይሬ ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ቢሆን ከቀበሌ መታወቂያ የተቀዳ ነው። አያቴ የወለደቻቸው ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት እንደሆነ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያ 1934 ይሆናል። አራት ዓመታቸውን አንድ ጸሐፊ ወስዶባቸዋል። በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ተደንግጎ፣ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ነው። ስለዚህ አጎቴ ሲወለዱ ያልተጻፉ ሰውዬ፣ ሲሞቱ ተጻፉ።

የሚያንገበግበኝ ግን «በተለያዩ የሥራ መስኮች» የምትለው ሐረግ ናት። አጎቴ ለ31 ዓመት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው በሞተ ሌሊት በአሥር ሰዓት ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በየመንታ መንገዱ እየቆሙ ሦስት ጊዜ ይነፉና የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይጠራሉ። የከተማው ሰው ሁሉ የወላጁን፣ የባሏን፣ የወንድሙን ሞት የሰማው በእሳቸው ድምፅ ነው። ሕፃን ሲሞት አይነፉም ነበር። በየበሩ እየሄዱ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ቀን በመንገድ ሲያልፉ ሳያት ያደግሁት አንዲት ሴትዮ ግን ባየቻቸው ቁጥር ታማትብና በሯን ትዘጋ ነበር። የእድር ጡሩንባ ነፊ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ክብሩም እንዲሁ።

ቪዲዮው ውስጥ አንድ ቦታ፣ ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት፣ ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ ያወርዳሉ፦

ስንቱን ሰው ጠራልን በሌሊት ተነሥቶ፣
ዛሬ ማን ይጥራለት እሱ አፉን ዘግቶ።

ወዲያው አንድ ሰው «ተዉ፣ ሙሾ አይፈቀድም» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ካህናቱ ከመጠን ያለፈ ለቅሶን እንደሚነቅፉ አውቃለሁ፤ እድሮችም በደንባቸው የሚከለክሉ አሉ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰዓት ቀረጻ ውስጥ አጎቴን ያየሁት በነዚያ ሁለት ስንኞች ብቻ ነው።

እኔ ራሴ በመሃል ቤት ነኝ። እዚህ ከደመወዜ ላይ ከግብር ጋር የቀብር ክፍያ በየወሩ ይቆረጥብኛል፤ የ25 ዓመት መቃብር ቦታዬ ከወዲሁ ተከፍሎበታል። እዚያ ደግሞ እህቴ በስሜ የእድር መዋጮ ሳታቋርጥ ትከፍላለች። በሁለት አገር ከፍሎ በአንዱ የሚቀበር ሰው ሆኛለሁ።

የአጎቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ ልጃቸው ደወለችልኝ። ለመታሰቢያው ከፎቶግራፋቸው ጋር በወረቀት ታትሞ የሚታደል የሕይወት ታሪክ አስበዋል፤ «ጋሼ፣ አንተ ጻፈው፤ ብዕር አለህ» አለችኝ። ያ የብርጭቆ ነፊው ጽሑፍ ልቤ ውስጥ ስለነበር ደስ አለኝ። ጠማማውን ብርጭቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሁለት ሌሊት ጻፍኩ። «አጎቴ ሕፃን ሲሞት ጡሩንባ አይነፉም ነበር» ብዬ ጀመርኩ። የጋቢውን ነገር፣ በሯን የምትዘጋውን ሴትዮ፣ የተሰረቁባቸውን አራት ዓመታት ሁሉ አስገባሁ። ላክሁላት።

ለሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ደወለች፤ ድምፅዋ ተለሳልሷል። «ጋሼ፣ በጣም ያምራል፣ አስለቅሶኛል። ግን ያቺን ጡሩንባ ነፊ የምትለዋን ብታወጣት። ወንድሜ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። አማቾቹም ይመጣሉ።»

«እሷን ካወጣሁማ ምን ይቀረዋል?»

«በእድሩ አገልግለዋል በለው። ሰው ያውቀዋል እኮ፤ መጻፉ ምን ያደርጋል?»

ተከራከርን። እኔ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ፣ ነገ በማያገኘኝ አማች ፊት ጀግና መሆኔ ለእኔም ታወቀኝ። በመጨረሻ የፈለጋችሁትን አድርጉ አልኳት። የታተመውን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከእኔ ጽሑፍ የቀረው ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው፤ ወደ 1934 ተስተካክሏል። ከሥር ወፈር ባለ ፊደል «በእድሩ የመልእክት ክፍል ኃላፊ በመሆን ለ31 ዓመት በትጋት አገልግለዋል» ይላል። እድሩ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ጠባቂ አለው። የመልእክት ክፍል ኖሮት አያውቅም።

ከመታሰቢያው በኋላ ለአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ደወልኩ፤ ወረቀቱን አንብበው ስቀዋል። አንድ ነገር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፦ አጎቴ የሞቱ ሌሊት ጡሩንባውን ማን ነፋው?

«ታናሹ ልጃቸው ነዋ» አሉኝ። «ምን ይነፋዋል፣ ያንቀዋል እንጂ! ሁለቴ ሞክሮ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረው። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ስም እስኪጠራ አልጠበቅሁም። ድምፁ ሲንሻፈፍ ጊዜ ለባለቤቴ ‹ተነሺ፣ ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የሞቱት› አልኳት።»