ማስተካከያ፦ ሳሊ ሄሚንግስ በኑዛዜ ነፃ አልወጣችም

ባለፈው ጽሑፌ የ3ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን «የምስጢር ፍቅረኛ» እየተባለች ልብ ወለድ ስለሚጻፍባት፣ እሱ በባርነት ይይዛት ስለነበረችው ስለ ሳሊ ሄሚንግስ አውርቼ ነበር። «ጄፈርሰን በኑዛዜው ነፃ አወጣት» ማለቴ ስህተት ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1826 ሲሞት ኑዛዜው ነፃ ያወጣው 5 ወንዶችን ነው። ሁለቱ ልጆቿ ናቸው፤ ማዲሰንና ኢስተን። የእሷ ስም ግን የለበትም። እንድትሄድ የፈቀደችላት የጄፈርሰን ልጅ ማርታ ናት፣ ያውም በይፋ ሳይሆን።

ጻፈችው ብዬ የጠቀስኩት ደብዳቤም የደራሲ ፈጠራ ነው፤ እውነት መስሎኝ ተሸወድኩ። በእጇ የተጻፈ አንድም መስመር አልተገኘም። በሕይወት ሳለች የተሳለ ሥዕልም የላትም። ጸጉሯ ረጅም፣ ጀርባዋ ላይ የሚወርድ እንደነበር የምናውቀው አብሯት በጄፈርሰን እርሻ በሞንቲቼሎ በባርነት ይኖር ከነበረው አንጥረኛ ከአይዛክ ነው።

«ፍቅረኛ» የሚለውንም ቃል አንስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1787 ጄፈርሰን ይኖርበት ወደነበረው ፓሪስ ስትገባ 14 ዓመቷ ነበር፣ እሱ 44። በአገራቸው በቨርጂኒያ ሕግ ንብረቱ ነበረች። እምቢ ማለት የማትችልን ልጅ ፍቅረኛ ማለት ይከብዳል።

ግንኙነቱ ራሱ ግን ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ የኢስተንን ዘር ከጄፈርሰን የወንድ የዘር ሐረግ ጋር አገናኝቷል። ያንን በትክክል ጽፌው ነበር።