አንሶላ ሲገዛ ቁጥሩ ይቅደም ወይስ ጥጡ?

የአንሶላ ማሸጊያ ላይ 300፣ 600፣ 1000 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ትሬድ ካውንት ይሉታል። ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ኢንች በሆነ ጨርቅ ውስጥ ያሉት የድርና የማግ ክሮች ድምር ነው። ሁለት ሰዎች በዚህ ቁጥር ላይ አልተስማሙም። አንዷ የእንግዳ ማረፊያ አላት፣ አንሶላ የምትገዛውም ራሷ ናት። ሌላው ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች መሃል ያደገ ነው። እሷ ለቁጥሩ፣ እሱ ለጥጡ ይከራከራሉ።

ለቁጥሩ

ሱቅ ስገባ አንሶላው በላስቲክ ታሽጓል። አይዘረጋ፣ አይዳሰስ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ የግብጽ ጥጥ ነው» ይለኛል። ቀጥሎ ያለው ሱቅም ያንኑ ይለኛል። ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ሊጣራ የሚችለው የቱ ነው? ቁጥሩ ነው። ክር ይቆጠራል። አጉሊ መነጽርና ማስመሪያ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ደግሞ ቁጥሩ ባዶ ነገር አይደለም። 120 ወይም 150 የሆነውን አንሶላ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ይሻክራል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላም ይሳሳል። ከ250 እስከ 400 ያለው ግን ጠበቅ ያለ ነው፣ ገላም አይቧጥጥም። ገንዘቤን የማወጣው ለዚህ ልዩነት ነው።

ለጥጡ

እህቴ፣ ክር እንደሚቆጠር አልክድም። ጥያቄዬ ማን ቆጠረው ነው።

አንድ ኢንች ውስጥ የሚገባ ክር ወሰን አለው። ክር ውፍረት አለውና እንደፈለጉ አይጨመርም። ታዲያ 1000 ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከመገመድ ነው። አራት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ይገመድና ማሽኑ እንደ አንድ ክር ይሸምነዋል፣ ማሸጊያው ላይ ቁጥር የሚጽፈው ሰው ግን አራት ብሎ ይይዘዋል። በዚህ መንገድ 250 የነበረው 1000 ይሆናል። ጨርቁ ቢከብድ እንጂ አይለሰልስም። አሜሪካ ውስጥ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የመለኪያ ደንብ የተገመደ ክር እንደ አንድ እንዲቆጠር ነው የሚለው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎችም በ2005 እ.ኤ.አ. በጻፉት ደብዳቤ እያንዳንዱን ግምድ መቁጠር ሸማቹን ሊያሳስት እንደሚችል ገልጸዋል። እዚያ ሕግ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ መርካቶ ላይ ማን ይቆጥርልሻል?

ልስላሴ የሚመጣው ከቃጫው ነው፣ ማለትም የጥጡን ፍሬ ከሚያለብሰው ቀጭን ጸጉር። በብዛት የሚመረተው ጥጥ ቃጫው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያጥራል። እጅግ ረጅም የሚባለው 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ቃጫ ሲያጥር ክሩ ላይ ብዙ ጫፍ ይኖራል፣ ጫፎቹ ሲታጠቡና ሲታሹ እየወጡ ትናንሽ ድቡልቡል ነገር ይሠራሉ። ረጅሙ ግን ቀጭን ሆኖም ጠንካራ ክር ይወጣዋል። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ሲፈትሉ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ጋቢ የሚያሠራ ሰው ስንት ክር አለው ብሎ አይጠይቅም፣ ፈትሉን በጣቱ ይዞ ያያል።

ለቁጥሩ

ስለ ፈትሉ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ። ግን ጋቢ የሚያሠራው ሰው ፈትሉን በእጁ ይዞታል። እኔ የያዝኩት የታሸገ ላስቲክ ነው።

ስለ ግምድ የነገርከኝ ደግሞ ስለ ውሸታም ሻጭ ነው። የጥጥ ስምስ አይዋሽበትም? በ2016 እ.ኤ.አ. ታርጌት የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ዌልስፐን ከተባለው የህንድ አምራች ጋር የነበረውን ግንኙነት ያቋረጠው የግብጽ ጥጥ ተብለው የተሸጡ አንሶላዎችና የትራስ ልብሶች በሌላ ጥጥ ተሠርተው ስለተገኙ ነው። 750,000 ያህል ነበሩ። ሰው ተኝቶባቸዋል፣ በዓይኑም በእጁም አልለየውም። ክር ቢሆን ይቆጠር ነበር። የቃጫውን ዘር ለመለየት ግን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

እኔ ወሰን አለኝ። ከ200 በታችና ከ500 በላይ የሚል ነገር አልነካም። በዚያ መሃል ያለ ቁጥር ያለ ግምድ ሊደረስበት ስለሚችል ለመዋሸት ምክንያቱ ያንሳል።

ለጥጡ

ወሰንሽን ወደድኩት። አሸማመኑን ግን ረስተሽዋል፣ እኔ ደግሞ ትልቁ ነገር እሱ ነው ባይ ነኝ።

ፐርኬል የሚባለው ክሩ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች እያደረገ የሚሄድ ነው። አየር ያስገባል፣ ጠንከርና ቀዝቀዝ ይላል፣ በእርግጥ ካውያ ይፈልጋል። የሳቲን አሸማመን ደግሞ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ላይ አልፎ በአንድ ስር ይገባል። ያብረቀርቃል፣ ይንሸራተታል፣ ሙቀት ይይዛል። ላይ ላይ የተዘረጋው ክር ረጅም ስለሆነም በጥፍር ወይም በዚፕ ቶሎ ይመዘዛል። ሁለቱም 300 ሊሆኑ ይችላሉ! ድሬዳዋ ላለ ሰው የሳቲኑን 300 ብትሰጪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያልበው ያድራል። አዲስ አበባ በሐምሌ ብርድ ግን ያው አንሶላ ይመቻል። ቁጥሩ ይህን አይነግርሽም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ 1800 ተጽፎበት የሚሸጠው ማይክሮፋይበር። እሱ ፖሊስተር የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ 1800ውም የክር ብዛት አይደለም። ሰው ቁጥር አይቶ ስንት ብር ያወጣል። ጥጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ከጠርዙ አንድ ክር መዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጥቁር፣ ደረቅ እንክብል ይሆናል።

ለቁጥሩ

ክብሪቱን ሻጩ ፊት አልሞክረውም፣ ቤት ግን ጥሩ ነው። እኔ ቁጥርን ከቁጥር የማወዳድረው አንድ ዓይነት አሸማመን ሲሆን ነው። ፐርኬልን ከፐርኬል፣ ሳቲንን ከሳቲን። የጥጥና የፖሊስተር ቅልቅል ደግሞ አልንቅም። የእኔ አንሶላ በየእንግዳው ይታጠባል፣ ክረምት ላይ ፀሐይ የለም፣ ውሃም በፈረቃ ነው። ፖሊስተር የገባበት ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አይጨማደድም። አንተ የምታወድሰው ወፍራም ንጹህ ጥጥ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ይንጠለጠላል።

ለጥጡ

ወፍራም አላልኩም። ቀጭን ፐርኬል ከወፍራም ሳቲን ቀድሞ ይደርቃል። ቅልቅሉም ቶሎ ቢደርቅ ድቡልቡሉ ሲወጣ አይረግፍለትም፣ ፖሊስተሩ ጠንካራ ስለሆነ እዚያው አንቆ ይይዘዋል። እንግዳሽ ጉንጩ ላይ ይሰማዋል። የአዋሽና የመተማ ጥጥ መካከለኛ ቃጫ ነው፣ በደንብ ተበጥሮ ከተፈተለ ግን ከዚያ ቅልቅል የተሻለ አንሶላ ይወጣዋል።

ስለዚህ እኔ የጥጡ መቶኛ ያልተጻፈበትን አልገዛም። ቁጥር ባይኖረው ግድ የለኝም። አዲስ አንሶላ ማለስለሻ ኬሚካል ስለሚቀባ ሱቅ ውስጥ መዳሰሱም ያታልላል። አሥር ከመግዛትሽ በፊት አንድ ግዢና ደጋግመሽ አጥበሽ እይው።

ለቁጥሩ

አንድ ገዝቶ አጥቦ ማየቱን ከዛሬ ጀምሮ አደርገዋለሁ። ግን መደርደሪያው ላይ ሃያ ዓይነት አለ፣ ሁሉም «100 ፐርሰንት ጥጥ» ይላል። ያንን አንዱን ለመምረጥ እጄን ስዘረጋ የማየው አሁንም ቁጥሩን ነው።