ይድረስ ለመንገድ ዳሩ የመታሰቢያ ሰሌዳ

ለክቡርነትዎ፣ በጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቆሙት። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ባጃጅ እየገፈተረን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንቱ ያልኩዎት ለሲሚንቶ አክብሮት ኖሮኝ እንዳይመስልዎት። ላይዎ ላይ ጄኔራል ስላለ ነው።

አለ ይባላል እንጂ። «በዚህ አካባቢ ተወልደው ያደጉት ጀግናው ጄ» ይላሉ። የቀረውን ፀሐይ ልጦታል። ዝቅ ሲሉ ግን ዓይንዎ ይበራል! ማን እንደመረቀዎት፣ ከየትኛው ቢሮ እንደመጣ፣ የክብር እንግዶቹ እነማን እንደነበሩ፣ በወርቅማ ቀለም ፍንትው ብሎ ይነበባል። ጄኔራሉ የት ዘመቱ? ጭጭ። መቼ ተወለዱ? ጭጭ። ሪባኑን ማን ቆረጠ? እሱማ ሳሙና በር ተቁሞም ይታያል።

የቆሙበትስ ቦታ! የእግረኛውን መንገድ ይዘው ምሽግ ሠርተዋል። ሰው እርስዎን ሲሸሽ አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ባጃጅ ይጠብቀዋል። ጄኔራሉ ያባረሩት ጠላት ነው፤ እርስዎ የሚያባርሩት ጎረቤቶቻቸውን ነው።

ሥራ ፈት ነዎት ግን አልልም። ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። «የሚከራይ ሰርቪስ ቤት»፣ «ማትሪክ እናስጠናለን»። ፌርማታም ሆነዋል። ባለፈው ባጃጅ ውስጥ አንዱ «ጄኔራሉ ጋ ወራጅ አለ!» ሲል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ «የትኛው ጄኔራል?» ብሎ ጠየቀ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አንዲት እናት «የሰሌዳው ናቸዋ፣ ልጄ!» ብለው ገላገሉን።

ይህ እንግዲህ ጎንደር ነው። የፊታውራሪ ገብርዬን ስም ለመስማት እዚህ ሰሌዳ የሚፈልግ የለም። የአፄ ቴዎድሮስ የጦር መሪ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ወደቀ። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳ ዛሬም ይጠራዋል። ማሲንቆ ደግሞ ቀለሙ አይለቅም፣ ሪባንም አያስቆርጥም።

ይበልጥ የሚያበግነኝ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። እንግሊዞችም አርበኞቻችንም ከበውት ነበር። የተሸነፈው ሰውዬ ከነስሙ፣ ከነማዕረጉ፣ ከነቀኑ ይታወቃል። ጣልያን የሠራቸው የፒያሳ ሕንፃዎችም ይኸው ቆመዋል። የእኛው ጀግና ግን «ጄ» ናቸው!

ስለዚህ ክቡርነትዎን አንድ ነገር እለምናለሁ። ቀለም የተገኘ ዕለት ከላይ ይጀመርልን። ስማቸው፣ የትውልድ ዘመናቸው፣ የተዋጉበት ቦታ ይጻፍ። የክብር እንግዶቹ በጀርባዎ በኩል ይሁኑ፤ ከግድግዳው ጋር ሲፋጠጡ ይዋሉ። እኛም ወደ ግድግዳው ጠጋ ቢሉልን በጎን እናልፋለን።

በጀት የለም ከተባለም፣ በቀኝዎ በኩል ያፈነገጠችውን ሚስማር ብቻ ያስነቅሉልን። የቅዳሜ ገበያተኛን ነጠላ ጨርሳዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አስፋልት ላይ የሚሄደው እግረኛ