ጉዳዩ፦ «ኮሚኩ ላይ እንዲህ አይደለም» ስለ ማለትዎ

ይድረስ በሲኒማ ቤት ዘወትር ከኋላዬ ለሚቀመጡት የኮሚክ (የጀግኖች ሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት) ሊቅ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔስ አልሰጋም፤ ድምፅ ማጉያው ሲያገሣ የእርስዎ ድምፅ ከእርሱ በላይ ስለሚሰማ ሳንባዎ ደኅና መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጣለሁ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። እርስዎ ባይኖሩ እኛ አላዋቂዎቹ ፊልሙን ወድደነው እንወጣ ነበር። ጀግናው ገና ጭንብሉን ሳያጠልቅ «ኮሚኩ ላይ እንዲህ አይደለም» ይላሉ፤ የልብሱ ቀለም፣ የካባው ርዝመት፣ የጫማው ተረከዝ ሳይቀር ይታረማል። ማን እንደሚሞትና በስንተኛው እትም ከሞት እንደሚነሣ አስቀድመው ስለሚነግሩን ደንግጠን አናውቅም። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት ክፍያ አለመጠየቅዎ ለጋስነትዎን ያሳያል።

ነገር ግን ሊቅ ሆይ፣ የሚምሉበት ኮሚክ የትኛው ነው? ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ሲል መብረር አይችልም ነበር፤ እንደ ፌንጣ ይዘል ነበር እንጂ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእነርሱው አቆጣጠር ናቸው፤ ለማረም አይነሡ።) በሰማይ ላይ ማንሳፈፉን ያስለመዱን በ1940ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የሬዲዮ ድራማና የካርቱን ፊልም ሠሪዎች ናቸው። ጉልበቱን የሚያሟጥጠው ክሪፕቶናይት የተባለው ማዕድንም በ1943 በሬዲዮ ተሰማ፤ ኮሚኩ የተቀበለው በ1949 ነው። ሱፐርማን በጋዜጠኝነት የሚሠራበት ጋዜጣ አለቃ ፔሪ ዋይትም የመጡት ከዚያው ከሬዲዮ ነው። በ1942 የታተመው ልቦለድ ደግሞ የሱፐርማንን አባት ስም አጻጻፍ ሳይቀር ለውጦ «ጆር-ኤል» ብሎ ሰጠው፤ ዛሬ ያን ስም ፊልም ቢነካው የሚጮኹት እርስዎ ነዎት።

የባትማን አሽከር አልፍሬድ ጉዳይማ ለብቻው ደብዳቤ ይገባዋል። በ1943 በኮሚኩ ሲገባ ወፍራምና ጢም አልባ ነበር። በዚያው ዓመት በተከታታይ ፊልም የተጫወተው ተዋናይ ግን ቀጭን ሆነ፣ ጢምም ነበረው። ታዲያ ኮሚኩ ምን ያደረገ ይመስልዎታል? «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም» ብሎ ጮኸ? የለም። አልፍሬድን ወደ ጤና መጠበቂያ ቦታ ልኮ፣ አክስቶና ጢም አስበቅሎ መለሰው! ያኔ እርስዎ አለመኖርዎ ለአልፍሬድ መትረፊያው ሆነ፤ ቢኖሩ ኖሮ እያስለቀሱ መልሰው ያወፍሩት ነበር። ደግሞም የመጀመሪያው ባትማን ሽጉጥ ይታጠቅ እንደነበር ያውቃሉ። በ1939 የነበረውን እንመልስ እንዴ?

ስለ ተዋናዮች ያለዎትን ብያኔ እንለፈው ብል ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ሂዝ ሌጀር የባትማንን ጠላት ጆከርን ይጫወታል ሲባል «ይህ ቆንጆ ልጅ?» ብላችሁ የተሳለቃችሁት እናንተው ነበራችሁ። ከሞተ በኋላ በ2009 ኦስካሩ ሲሰጠው ደግሞ «እኛማ ድሮም ብለን ነበር» አላችሁ። ሂው ጃክማንም በ2000 ከእጁ ጥፍር የሚያወጣውን ጀግና ወልቨሪንን ሆኖ ሲመጣ ቁመቱ በዝቶ ነበር፤ የኮሚኩ ወልቨሪን አንድ ሜትር ከስድሳ ገደማ ነውና። አሁን ሌላ ሰው ያንን ጥፍር ያወጣል ቢባል «ከጃክማን ሌላ ወልቨሪን የለም» ብለው የሚቆጡት ማን ናቸው? አጭር ሰው ቢገኝ እንኳ አይቀበሉትም፤ «ጃክማን እንዲህ አያጥርም» ይሉታል።

ፊልሙ ኮሚኩን ሥዕል በሥዕል ሲከተልልዎም አይተናል። ያን ጊዜ «ፈጠራ የለበትም» ብለው እግርዎን ወንበሬ ላይ አነባበሩ።

ባለፈው ከጎንዎ የተቀመጠችው ልጅ ቲሸርቷ ላይ የባትማን የሌሊት ወፍ ምልክት ስላለ እንዴት እንደፈተኗት ሰምቻለሁ። «እውነተኛ አድናቂ ከሆንሽ የባትማን ረዳት ሮቢን የሆኑትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጥሪ!» አሏት። ልጅቱ የመጣችው ፊልም ልታይ ነው፤ የማትሪክ ውጤት ልትቀበል አይደለም። መልሷ ግን ደስ አለኝ፤ «እርስዎ ሲጨርሱ እጠራለሁ» አለችና ፋንዲሻዋን መቆርጠም ቀጠለች። እርስዎም አልጨረሱም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው። ኮሚኩን ማንበብዎን አያቋርጡ። ይልቁንም ቤትዎ ሆነው፣ በር ዘግተው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ወደ ሲኒማ መምጣት የግድ ከሆነብዎ ግን ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች ጋር የሚጣሉበትን ሰዓት ከምሽቱ ትርዒት ወደ ረፋዱ ያዛውሩልን፤ ያኔ አዳራሹ ባዶ ነው፣ የሚሰማዎትም የለም፣ እርስዎም የሚሰሙት የራስዎን ብቻ ስለሆነ በሁሉም ነገር ይስማማሉ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
ከፊትዎ የሚቀመጠው

ግልባጭ፦ ለፋንዲሻ ሻጯ (ለእርሳቸው ትልቁ ከረጢት በእኔ ሒሳብ ይሰጥልኝ፤ እስከ ማብቂያው የሚያቆያቸው ይሁን)