ዕቃ የማይቃጠልበት ላብ መሐንዲስ አያወጣም

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የኤምቤድድ ሲስተምስ (በመሣሪያ ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) እና የአድቫንስድ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላቦች በሲሙሌተር (ዕቃውን በሚያስመስል ሶፍትዌር) ብቻ እንዲሰጡ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል መወሰኑ ሰሞኑን መምህራንንና ተማሪዎችን ሲያነጋግር ሰንብቷል። የቀረቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ተማሪዎች ዕቃ ያቃጥላሉ፣ ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ የለም፣ የመውጫ ፈተናውም ላብ አይጠይቅም። ኤሌክትሮኒክስን የሚያስመስለው ፕሮቲየስና ኔትወርክን የሚያስመስለው ፓኬት ትሬሰር ላፕቶፕ ላይ ከተጫኑ ይበቃል ተብሏል። አይበቃም። ውሳኔው ሌሎች ትምህርት ክፍሎች ሳይከተሉት መሻር አለበት።

«ዕቃ ይቃጠላል» የሚለውን ምክንያት አንድ የምህንድስና መምህር በአደባባይ ማንሳቱ ራሱ ያሳዝናል። የሚቃጠለው ምንድን ነው? የመለማመጃ ቦርዱ የአርዱዊኖ ኡኖ ቺፕ፣ ኤቲሜጋ328ፒ፣ በአንድ ፒን (የቺፑ እግር) ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ 40 ሚሊአምፒር ነው፤ ቺፑ በጠቅላላ ደግሞ 200። ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ፒን ላይ የሰካ ተማሪ ፒኑን ያጣል። በማግስቱ ዳታሺቱን (የአምራቹን የዕቃ መግለጫ) ገልጦ ይህን ቁጥር ያገኘዋል፤ ትራንዚስተር ያስገባል፣ በሪሌዩ ጥቅል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ በግልባጭ ያስራል፣ ዳግመኛም አይስተውም። በፕሮቲየስ ግን ኤልኢዲው ያለ ሬዚስተር ይበራል፣ ፒኑም አይሞትም፣ ሪፖርቱም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ተማሪው ስህተቱን ይዞ ይመረቃል፤ ያኔ የሚቃጠለው የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብቻ ማየት ይቻላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀርቡ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች መካከል በኤስኤምኤስ የሚታዘዝ ነገር ሳይኖርበት የሚያልፍ ዓመት የለም፦ የመስኖ ፓምፕ፣ የቤት ጥበቃ፣ የትራንስፎርመር ክትትል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በሲም ካርድ የሚሠራው ሲም800ኤል ሞጁል ነው። በሲሙሌተሩ ውስጥ ይህ ሞጁል ለኤቲ ኮማንድ (ለሞጁሉ በጽሑፍ ለሚሰጥ ትእዛዝ) «ኦኬ» ብሎ ከመመለስ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ኮዱ በመጀመሪያው ቀን ይሠራል። ዕቃው እጅ ሲገባ ግን ኔትወርክ አይዝም። ትንሿ መብራት በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ትላለች፤ ይህ ማለት ኔትወርክ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ኔትወርክ ቢይዝ ኖሮ በየ3 ሰከንዱ ትሆን ነበር። ጥቂት ብልጭ ብላ ትጠፋለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ሞጁሉ ሪሴት እያደረገ ነው።

ሲሙሌተር ያሠለጠነው ተማሪ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኮዱ። ሌላ ላይብረሪ ያወርዳል፣ የቦድ መጠኑን (የመረጃ መላኪያ ፍጥነቱን) ይቀያይራል፣ ሲም ካርዱን ይለውጣል፣ በመጨረሻም ሞጁሉ ብልሹ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል። ኮዱ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ያለው ኃይሉ ላይ ነው። ሞጁሉ የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ሲሆን፣ ሲያስተላልፍ እስከ 2 አምፒር ይስባል፤ ያውም በተከታታይ ሳይሆን በየ4.615 ሚሊሰከንዱ ለ577 ማይክሮሰከንድ ብቻ። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ 4 ቮልት ብሎ ይቆማል፤ ተማሪውም «ቮልቴጁ ትክክል ነው» ይላል። ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጁን በየቅጽበቱ በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ሲሰካ ግን የቮልቴጁ ጉድጓድ ይታያል። የቀጭን ጃምፐር ሽቦና የብሬድቦርድ ንክኪ ተደምረው 0.3 ኦም ቢሆኑ፣ በ2 አምፒር 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 4.0 የነበረው 3.4 ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በታች ሞጁሉ ይጠፋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኃይሉን ከአርዱዊኖው መውሰድ ማቆም፤ ኤልኤም2596 ያለበትን የቮልቴጅ ኮንቨርተር ለብቻው 4.1 ቮልት ላይ ማስተካከል፤ ከሞጁሉ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስቀመጥ፤ ሽቦውን ማሳጠርና ማወፈር፤ የሁለቱን ግራውንድ ማገናኘት። የአርዱዊኖው የ5 ቮልት ሲግናል ለ2.8 ቮልት ሞጁል ስለሚበዛ በሁለት የ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ለሁለት ከፍሎ 2.5 ማድረግ። ይህን ሁሉ በመምህር ፊት ለመጨረስ አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የኦም ሕግ፣ የጂኤስኤም (የሞባይል ኔትወርክ) የጊዜ ክፍፍል፣ የካፓሲተር ጥቅም፣ የመለኪያ መሣሪያ ውስንነት፣ ተማሪው ለየብቻ ተምሮ በየፈተናው የረሳቸው አራት ነገሮች፣ እዚህ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ሲሙሌተሩ ሽቦን ዜሮ ኦም፣ ኃይልን የማያልቅ ምንጭ አድርጎ ስለሚነሳ ይህን ትምህርት ሊሰጥ አይችልም። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ይህን አጥተውት አይደለም፤ አውቀው ተዉት፤ የሚያስቆጣውም ይኸው ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ጉዳዩ ደግሞ ይብሳል። ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲወርድ ቺፑ በግማሽ ነፍስ እየሠራ ኢኢፕሮሙን (መብራት ሲጠፋም የማይረሳውን ማህደረ ትውስታ) ሊያበላሽ እንደሚችል የአምራቹ ዳታሺት ራሱ ያስጠነቅቃል፤ መከላከያውም ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመውን የብራውንአውት ፊውዝ (የቺፑን ቅንብር) ማብራት ነው። ሌላም አለ፦ ኢኢፕሮሙ ዋስትና ያለው ለ100,000 ጊዜ ጽሑፍ ነው። የቆጣሪ ንባብን በየሰከንዱ አንድ ቦታ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ይህን ገደብ ከ28 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ሲሙሌተር ላይ ይህ ፕሮግራም ዘላለም ይኖራል።

በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሩ በተደጋጋሚ ሪሴት ሲያደርግ፣ የናሳ መሐንዲሶች የቅድሚያ መገለባበጡን (ዝቅተኛው ሥራ አስቸኳዩን ሥራ የማስቆሙን) ችግር የያዙት ምድር ላይ ባስቀሩት የመንኮራኩሩ አምሳያ ላይ ሶፍትዌሩን ደጋግመው በማስኬድ ነበር። እነሱ ሲሙሌተር አጥተው አልነበረም።

የኔትወርኩ ላብም ከዚህ አይለይም። ፓኬት ትሬሰር ውስጥ ገመድ ማለት የማይበላሽ መስመር ነው። እውነተኛው ገመድ ግን በቲ568ቢ (የሽቦ ቀለማት ቅደም ተከተል ደንብ) ካልተሰናዳ ይበቀላል። ብርቱካናማው ጥንድ 1 እና 2 ላይ፣ አረንጓዴው 3 እና 6 ላይ፣ ሰማያዊው 4 እና 5 ላይ፣ ቡናማው 7 እና 8 ላይ መሆን አለበት። ተማሪው ጥንዶቹን በተርታ ቢደረድራቸው፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 ሁሉንም ያበራለታል። ፒንግም (የግንኙነት መፈተሻው) ይመልሳል። ነገር ግን 3 እና 6 ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች ስለመጡ ጥምዘዛው ጣልቃ ገብነትን አይከላከልም፤ ሁለት ሜትር ላይ ያልታየው ችግር 40 ሜትር ላይ የሲአርሲ ስህተት (የመረጃ መበላሸት ምልክት) ሆኖ ይወጣል፣ ትልቅ ፋይልም አይሄድም። ይህን ያላየ ምሩቅ ቢሮ ተጠርቶ ሲሄድ መጀመሪያ ስዊች ቀይሩ ይላል።

«አድቫንስድ» የሚለው ስም ለዚህ ኮርስ የተሰጠው ደግሞ ትራፊክ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማስተማር ነው። የ65,535 ባይት የቲሲፒ መስኮት (ማረጋገጫ ሳይመጣ ሊላክ የሚችል የመረጃ መጠን) በ100 ሚሊሰከንድ ደርሶ መልስ ላይ ከ5.2 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ አይሰጥም፤ መስመሩ 100 ሜጋቢት ቢሆንም። ይህን ለማሳየት ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ሊኑክስና አንድ ገመድ ይበቃሉ። በሊኑክሱ መሣሪያ በቲሲ ኔትኤም 100 ሚሊሰከንድ መዘግየት መጨመር፣ ዊንዶው ስኬሊንግን (መስኮቱን ማስፋፊያውን) ማጥፋት፣ ፍጥነቱን በአይፐርፍ መለካት፣ ከዚያ መልሶ ማብራት። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ኤፍአርአር (የራውተር ሶፍትዌር) ጭኖ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ) ማስነሳት፣ አንዱን ጎን ኤምቲዩ (የትልቁ ፓኬት መጠን) 1500፣ ሌላውን 1400 አድርጎ ጎረቤትነቱ ኤክስስታርት በተባለው ደረጃ ላይ ተገትሮ ሲቀር በዋየርሻርክ (የፓኬት መመልከቻ) መመልከት።

እንግዲህ የውጭ ምንዛሪው ሰበብ እዚህ ላይ ይወድቃል። ዕጥረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው ላብ ውድ ራውተር አይፈልግም። የየቢሮው መጋዘን ከአገልግሎት በወጡ ኮምፒውተሮች የተሞላ ነው። የእነዚያው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይሰጣል። ፑልስቪው የተባለው ሶፍትዌር የሚቀበለው ባለ 8 ቻናል ሎጂክ አናላይዘር (የዲጂታል ሲግናል መመርመሪያ) በኪስ የሚገባ ርካሽ ዕቃ ነው። ለአንድ ስብሰባ አዳራሽና ሻይ ቡና የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለአንድ ክፍል ተማሪ ካፓሲተርና ሬዚስተር ይገኛል።

ሲሙሌተር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኮማንድ ለመለማመድ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን መልቀቅ አለበት።

የመውጫ ፈተናው ከአማራጮች መልስ በመምረጥ የሚሠራ መሆኑ ደግሞ ላብን ለመዝጋት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ፈተናው የማይለካውን ነገር የመለካት ኃላፊነት የትምህርት ክፍሉ ነው። ስለዚህ ከኮርሱ ማርክ 40 በመቶው በላብ ፈተና ይያዝ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሆን ተብሎ ሦስት ብልሽት የተደበቀበት ቦርድና ገመድ ይሰጠው፦ ፑልአፕ (ቮልቴጁን ወደ ላይ የሚይዝ) ሬዚስተር የሌለው የአይቱሲ (የቺፖች መገናኛ) መስመር፣ ያልተገናኘ ግራውንድ፣ ጥንዱ የተሳሳተ የኔትወርክ ገመድ። 90 ደቂቃ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ሎጂክ አናላይዘር፣ ክፍት ዳታሺት። ብልሽቱን ያገኘና ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ ይለፍ፤ ያላገኘ በሚቀጥለው ሴሚስተር ላቡን ይድገም።